ካንሰርን የሚያሸንፉት ሁለቱ ኃይሎች፦ ሕክምናና የሰውነት ተከላካይ ህዋሳት

ካንሰር የሰውነት ህዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚከሰት በሽታ ነው። ታማሚው ከሕክምና በኋላ ለረጅም ዓመታት እንዲኖር ሁለት ኃይሎች ይረዱታል። አንደኛው ዕጢውን ከበቀለበት ስፍራ የሚያስወግደው ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ነው። ሁለተኛው ከዚያ የተረፈውን የሚያሳድደው የሰውነት የመከላከል አቅም ነው።

በመከላከሉ ሥራ ዋነኛ ድርሻ ያላቸው ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት የተበላሸን ህዋስ ለይተው ይገድላሉ፤ ከፊሎቹም ያንን ጠላት ለዓመታት ያስታውሳሉ። ካንሰር ግን ከእነርሱ መሰወር ይችላል። ይህን መሰወሪያ ማክሸፍ የሚቻልበትን መንገድ ያሳዩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው ቢሲጂ የሁለቱን ኃይሎች ትብብር ያሳያል። በሽንት ፊኛ ግድግዳ ላይ የወጣ ዕጢ ከተወገደ በኋላ ቢሲጂ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛው ይገባል፤ ተከላካይ ህዋሳትም ወደ ስፍራው ተስበው የቀረውን ያጠቃሉ።

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ዋነኛ መንስኤው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ተከላካይ ህዋሳት በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግዱታል። ቫይረሱ ሳይወገድ ከቆየ ካንሰር እስኪያስከትል በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ተጋላጭነት ግን ስድስት እጥፍ ነው፤ አቅማቸው ከተዳከመም ጊዜው ያጥራል።

ይህ ረጅም ጊዜ በሽታውን ቀድሞ ለመያዝ ዕድል ይሰጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴቶች እንዲመረመሩ ይመከራል። ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ ስትቀባው የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ካንሰር ሳይደርስም በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን አስቀድሞ እንዲያውቀው ያደርጋል።

በሽታው ሥር ከሰደደ ጨረር ያስፈልጋል። ይህን ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቻውን ሲሰጥ የኖረው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲሆን፣ ታማሚዎችም ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል። ዕጢ በሰፋ ቁጥር ሐኪሙም፣ ተከላካይ ህዋሳቱም ይቸገራሉ።

ስለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ሳንሱሲ ለምትኖር እናትም ሆነ በገጠር እርሻ ላይ ለምትውል ሴት የመዳኛው መንገድ የሚጀምረው በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር መታየት ይገባል። ምልክት ሳይመጣ መመርመር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።