ከፀጉር መቶ ጊዜ ገደማ የሚቀጥነው የፀሐይ ሴል፡ ፔሮቭስካይት ምንድን ነው?

በየጣሪያው ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ የሶላር ፓኔሎች የተሠሩት ከሲሊከን ነው። የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ይፋ ያደረገው የሲሊከን ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው 6 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። ዛሬ ለገበያ የሚቀርቡት ፓኔሎች ከ20 በመቶ በላይ ይቀይራሉ።

ሲሊከን ግን ብርሃንን አጥብቆ ስለማይውጥ ወፈር ያለ ንጣፍ ይፈልጋል። እሱን ለማቅለጥም ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች በስስ ሽፋን ወደሚሠሩ ቁሶች ፊታቸውን ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ መካከል ከፍተኛ ትኩረት የሳበው ፔሮቭስካይት ነው። ስያሜው በ1839 በሩሲያ የኡራል ተራሮች ከተገኘ ማዕድን የመጣ ሲሆን፣ ለፀሐይ ሴል የሚውሉት ቁሶች የዚያን ማዕድን የክሪስታል ቅርጽ የሚጋሩ ናቸው። ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽፋን የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ለመያዝ ይበቃዋል። ከፈሳሽ ውህድ እንደ ቀለም ተቀብቶ፣ በአነስተኛ ሙቀት ደርቆ ሊሠራም ይችላል።

የዶክትሬት ተማሪው ድርሻ

በ2009 ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሱቶሙ ሚያሳካ እና ባልደረቦቻቸው 3.8 በመቶ ብቃት ያለው የፔሮቭስካይት ሴል አስተዋወቁ። ይሁን እንጂ በሴሉ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ቁሱን ስለሚያሟሟው ዕድሜው እጅግ አጭር ነበር።

በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሄንሪ ስኔዝ ሥር የዶክትሬት ጥናቱን ይሠራ የነበረው ማይክል ሊ ወደ ጃፓን አቅንቶ አሠራሩን ተማረ። ቡድኑ በ2012 ፈሳሹን በጠጣር ቁስ ተክቶ ብቃቱን ወደ 10.9 በመቶ አሳደገ። በዚያው ዓመት የደቡብ ኮሪያ እና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎችም ወደ 10 በመቶ የተጠጋ ጠጣር ሴል ይፋ አድርገዋል።

የኦክስፎርዱ ሙከራ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ለቁሱ ማቀፊያ የሆነው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆኖ ሳለ ሴሉ በሚገባ ሠራ። ፔሮቭስካይት ብርሃንን ከመዋጥ አልፎ የኤሌክትሪክ ሙሌትን ራሱ እንደሚያጓጉዝ ታወቀ፤ ለቀጭኑ ሽፋንም መንገድ ተከፈተ።

አሁን በቤተ ሙከራ የፔሮቭስካይት ብቃት ከ26 በመቶ ተሻግሯል። በሲሊከን ላይ ተደርቦ ሲሠራ ደግሞ ከ34 በመቶ በላይ ተመዝግቧል፤ የላይኛው ሽፋን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ሲይዝ፣ ሲሊከኑ ቀዩንና ከዓይን የተሰወረውን ታህታይ ቀይ ብርሃን ይይዛል። ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ በ2024 እንዲህ ያሉ ፓኔሎችን ለደንበኛ መላክ ጀምሯል።

ስንት ዓመት ይቆያል?

የሲሊከን ፓኔሎች ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት ዋስትና አላቸው። ፔሮቭስካይትን ግን እርጥበት፣ ሙቀት እና ራሱ የፀሐይ ብርሃን ያፈርሱታል። ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት መያዙም ሌላ ስጋት ነው። በትንሽ ናሙና ላይ የተገኘውን ብቃት በሰፊ ፓኔል ላይ መድገምም አስቸጋሪ ነው።

በዘርፉ የሚሠሩ በርካታ የዶክትሬት ጥናቶች የሚያተኩሩት በእነዚህ ችግሮች ላይ ነው። አንዳንዶቹ ሲዚየም የተባለ ንጥረ ነገር በመጨመር ክሪስታሉን ለማጽናት ይሞክራሉ። ሌሎቹ እርጥበት የማያስገባ መከላከያ ሽፋን ያዘጋጃሉ። ለፓኔሎች ከሚደረጉት መደበኛ ፈተናዎች አንዱ በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት እና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ 1,000 ሰዓት መቆየት ነው።

ይህ ጥያቄ ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከፔሮቭስካይት የተለየውን የፖሊመር ስስ ሽፋን ሴል ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሙቀትና እርጥበት በሚበረታባቸው እንደ ምጽዋ፣ ጅቡቲ እና ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ፓኔልን በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ ለሚገዛ ቤተሰብ የዋጋው መርከስ ብቻውን አይበቃም። ዕዳው ሳያልቅ የሚበላሽ ፓኔል፣ በቤተ ሙከራ የቱንም ያህል ክብረ ወሰን ቢሰብር፣ ለእሱ ኪሳራ ነው።