የአንጀት ባክቴሪያና ሴሮቶኒን፦ ከአፉላ የፈረቃ ሠራተኛ ማዕድ አንጻር

በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው በአንጀት ነው። ይህ ሴሮቶኒን በደም አድርጎ ወደ አንጎል አይገባም፤ ስለዚህ «አንጀትህን አክም፣ ደስታህ ይመለሳል» የሚለው ስብከት ከማስረጃው ርቆ የሄደ ነው። የአንጀት ሴሮቶኒን የመጀመሪያ ሥራው እዚያው አንጀት ውስጥ ነው፤ ሥራውም ቀላል አይደለም።

አምራቾቹ በአንጀት ሽፋን ላይ ተበታትነው የሚገኙት ኢንተሮክሮማፊን ሕዋሳት ናቸው። ከምግብ የሚገኘውን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ ሴሮቶኒን ይለውጣሉ። ምግብ ሲያልፍና ግድግዳው ሲለጠጥ ይለቁታል፤ በዙሪያው ያሉት ነርቮች ይነቃሉ፣ አንጀቱም እየተኮማተረ ምግቡን ወደፊት ይገፋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢሌን ሺያዎና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ባክቴሪያ በዚህ ሂደት ውስጥ ያለውን ድርሻ አሳየ። ያለ ምንም ተሕዋስ ያደጉ አይጦች በደማቸው የነበረው ሴሮቶኒን ተሕዋስ ካላቸው አይጦች ከግማሽ በታች ነበር። ስፖር የሚሠሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ የክሎስትሪዲያ ወገን የሆኑት፣ ሲሰጧቸው ግን መጠኑ አገገመ፤ የአንጀታቸው እንቅስቃሴም ተሻሻለ። ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጯቸው ውሕዶች ትሪፕቶፋንን የሚለውጠው ኢንዛይም እንዲበዛ ያደርጋሉ። ከውሕዶቹ መካከል አሴቴትና ቡቲሬት ይገኙበታል፤ እነዚህ የሚገኙት እኛ ልንፈጨው የማንችለውን የምግብ አሰር ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት ነው።

ነገሩ አፉላን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በዚህች የሰሜን እስራኤል ከተማ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖራሉ። በጎንደር ገጠር ጤፍ፣ ሽሮና ባቄላ እየበላ ያደገ ሰው በኢንዱስትሪ ቀጠናው በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ እረፍቱን በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ቢያሳልፍ፣ ለባክቴሪያዎቹ የሚደርሳቸው አሰር ይቀንሳል። በ2018 የታተመ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰዎች አሰር አብላዪ ባክቴሪያዎቻቸውን እያጡ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ፈረቃውም ተጨማሪ ጫና ነው፤ በ2014 የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የእንቅልፍና የምግብ ሰዓት ሲዛባ የአንጀት ባክቴሪያ ዕለታዊ ዑደትም እንደሚዛባ በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል ስኳር በሽታ ከዓመታት የእስራኤል ኑሮ በኋላ መበራከቱ በጥናት የተመዘገበ ነው፤ መንስኤው ሴሮቶኒን ነው ማለት ግን አይቻልም።

ብዙዎች የእንጀራን ጥቅም ከእርሾው ያያይዙታል። የእርሾው ሕያዋን ግን ምጣዱ ላይ ያልቃሉ፤ ለአንጀት የሚተርፈው የጤፉ አሰር ነው። ስለዚህ የጤፍ ዋጋ የከበደው ቤተሰብ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ቢያበዛ ለባክቴሪያዎቹ ጥሩ ቀለብ ይሆናል።

ከአይጥ የተገኘው ውጤት በሰው ላይ መፈተን አለበት። አፉላ ሃኤሜክ ሆስፒታልም፣ የጎንደሩንም የእስራኤሉንም ማዕድ የሚያውቅ ማኅበረሰብም አላት። ተመራማሪዎች ይህን ጥናት ከማኅበረሰቡ ጋር፣ ሽማግሌዎቹ በሚገባቸው በአማርኛና በትግርኛ፣ ሊጀምሩት ይገባል።