ቫይረስ አልበላውም ነበር

በ2004 ዓ.ም ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ በነበረው ቤታችን አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበረን። ከመርካቶ ሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ እናቴ ዳንቴል የምታለብሰው ኮምፒውተር። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ አንድ ፍላሽ ነበር። አጎቴ በዲጂታል ካሜራ ያነሳቸው የአባቴ የመጨረሻ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ላይ ብቻ ነው። አባቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም።

እናቴ ለሙት ዓመቱ አንዱ ፎቶ ታትሞ ፍሬም እንዲገባ ፈለገች። ፍላሹን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ቤት ተመልሼ ስከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው "ሾርትከት" ሆነዋል። ፍላሹ ሙሉ ነው ይላል፤ ፎቶ ግን የለም። ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ አስጠራን። አየት አደረገና "ቫይረስ በልቶታል" አለ። ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም ፎርማት አደረጋቸው። መቶ ብር ከፈልነው፤ እናቴም መርቃ ሸኘችው።

በሳምንቱ ሾርትከቱ ተመልሶ መጣ።

ያ ነገር ለምን እንደማይለቅ ለመረዳት ታሪኩን ትንሽ ወደኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። በልማድ ቫይረስ እንበለው እንጂ ትክክለኛ ስሙ ትል ነው። ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ትል ግን ራሱን ችሎ ይራባል፣ ራሱን እየገለበጠ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ስሙ የመጣው ከልብ ወለድ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ብራነር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ በኔትወርክ ውስጥ የሚሰራጭ ፕሮግራም ፈጠረና በአንድ ጥገኛ ትል ስም ጠራው። ያ ትል እኛ "የኮሶ ትል" የምንለው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ልብ ወለዱ እውን ለመሆን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን እንዳጠቃ ተገመተ። የዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ትንሽ ስለነበር ይህ ከባድ ቁጥር ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ኮንፊከር መጣ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ በጥቅምት 2001 ዓ.ም አውጥቶ ነበር፤ ትሉ የታየው በኅዳር ነው። መድኃኒቱ ከበሽታው አንድ ወር ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተያዙ፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ኔትወርክ ሳይቀር። በየካቲት ማይክሮሶፍት ፈጣሪውን ላስያዘ 250,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ኮንፊከር በኔትወርክ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በፍላሽም ይሄዳል። የገባበት ኮምፒውተር ደግሞ የአንቲቫይረስ ድረ ገጾችን እንዳይከፍት ያግደዋል። ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ በሽታ በሉት።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም ነው። ኮንፊከር ዓለምን ሲያስጨንቅ ግን ከመቶ ኢትዮጵያዊ አንዱ እንኳ ተጠቃሚ አልነበረም፤ አገልግሎት ሰጪው ድርጅትም አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ዊንዶውሳችን የተገለበጠ ነው። "ኦሪጅናል አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳይመጣ መጀመሪያ የምናጠፋው ነገር አፕዴቱን ነበር። በር የሚጠግነውን ሰው በር ላይ እንደ መመለስ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔታችን ምን ነበር? ፍላሽ ነዋ! ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ መንዙማው፣ የካምፓስ ጥናታዊ ጽሑፉ፣ አንቲቫይረሱ ራሱ በኪስ ነበር የሚዞረው። በድሮው ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለ ትንሽ የትእዛዝ ፋይል ትሉን በራሱ እንዲነሳ ያደርገው ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በር በየካቲት 2003 ዓ.ም በአፕዴት ዘጋው። አፕዴት ላጠፋነው ለእኛ ግን ክፍት እንደሆነ ቆየ። በሩ የተዘጋባቸው ትሎች ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቁና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣሉ። አንተ ስትጫነው ትሉም ይነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈትልሃል። ምንም አትጠረጥርም።

ብዙዎቻችሁ ስማዳቭን ታስታውሱታላችሁ። ያ አንቲቫይረስ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። ከዚያው አገር በ1998 ዓ.ም ገደማ ብሮንቶክ የተባለ ትል ተነስቶ ነበር። የአሜሪካ ድርጅቶች ዋና ጭንቀታቸው ኔትወርክ በነበረበት ጊዜ ፍላሽን የሚጠብቅልን እንደኛው በፍላሽ የተቸገረ አገር ሰው መሆኑ አይገርምም።

አሁን ወደ ኮሶው ልመለስ። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ትል ይይዛቸዋል፣ ኮሶ ይጠጣሉ። የጥንት መንገደኞች እንደጻፉት ይህ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚደረግ ልማድ ነበር። "ኮሶ ጠጥቻለሁ" ማለት እንግዳ ላለመቀበልም በቂ ምክንያት ነበር። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ምሬቱ ተረት ሆኖ ቀርቷል። ትሉ ግን የሚመለሰው ከሆድ ሳይሆን ከሥጋው ነው። የኮሶን ድግግሞሽ የሚያስቀረው ሌላ መራራ መድኃኒት ሳይሆን የቄራ ምርመራና ሥጋን አብስሎ መብላት ነበር። የእኛ "ፎርማት" ኮሶ ነው። በየወሩ እንጠጣለን፣ በየወሩ ይመለሳል።

ቤታችንን ያዳነው አንድ የካምፓስ ጓደኛዬ ነው። ኡቡንቱ የተባለውን ሥርዓት በሲዲ ይዞ መጣ። ዊንዶውሱን ሳይቀሰቅስ ኮምፒውተሩን ከሲዲው አስነሳው። ዊንዶውስ ላይ የሚነሳው ትል እዚያ መንቀሳቀስ አይችልም፤ የተደበቀ ፋይልም እዚያ አይደበቅም። ለሙከራ የጎረቤታችንን ፍላሽ ሰካ። ሾርትከት ብቻ ይታይበት የነበረው ፍላሽ ላይ ሁሉም ፎልደር ቁጭ ብሏል።

"አልተበላም እኮ። ተደብቆ ነው" አለ።

ስለ እኛ ፍላሽ ጠየቅኩት። ከፎርማቱ በኋላ ምን እንደጫንንበት ጠየቀኝ። ፊልም ሞልተንበት ነበር። ዝም አለ። ፎርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረው፤ ፊልሙ ግን በፎቶዎቹ ቦታ ላይ ተጽፏል። የአባቴን ፎቶ ትሉ አልበላውም። እኛው ነን የበላነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ የአንድ ቤት ሥራ አልነበረም። የወንድሞቼን ፍላሽና የስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ የጎረቤቶቻችንንም ሰብስበን በአንድ ቀን አጸዳን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስም ሄድን። ባለቤቱ "ደንበኛ ነው የሚያመጣብኝ" አለ። እውነቱን ነው፤ እኛም "አንተ ነህ የሰጠኸን" ስንል እውነታችንን ነበር። አንዱን ኮምፒውተር ኡቡንቱ ጫንለትና የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲከፈት ተስማማን። ትሉ ቤታችን ድጋሚ አልገባም።

ይህን ያለፈ ታሪክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታነቡት። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። በየጽሕፈት ቤቱና በየቢሮው ግን አሁንም እየሠራ ነው። ክራኩም ከፍላሽ ወደ ቴሌግራም ቻናል ተዛወረ እንጂ አልቀረም። "ፋይልህን ቫይረስ በልቶታል" የሚለው መልስም አልቀረም። ይህ መልስ ጥያቄ የሚዘጋ መልስ ነው። ማን አመጣው? ቅጂው የት አለ? ከመጥፋቱ በፊት ማን አየው? ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተበልቷል ከተባለ አለቀ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የማይተካ ፎቶ ካላችሁ ዛሬውኑ ሁለተኛ ቦታ አስቀምጡት። "ፎርማት ይደረግ" ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉ ተደብቆ እንዳይሆን አንድ የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ።

እናቴ ሳሎን ውስጥ የሰቀለችው የአባቴ ፎቶ ከመታወቂያው ላይ ተነስቶ ያደገው ጉርድ ፎቶ ነው። ማኅተሙ ጥግ ላይ ይታያል።

እናንተስ "ቫይረስ በላው" ተብሎ የቀረባችሁ ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ።

ቸር እንሰንብት።