ሳይጥል የሚጥል በሽታ፦ የእንቅልፍ ኬሚካሎችና የሕፃናት መፍዘዝ ታሪክ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው አገር፣ ፊደል የሚቆጥር ወይም ዳዊት የሚደግም አንድ ሕፃን በንባቡ መካከል በድንገት ዝም ሊል ይችላል። ዓይኑ እንደ ተከፈተ ነው፤ አይወድቅም፣ አይንፈራገጥም፣ አረፋም አይደፍቅም። ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ንባቡን ይቀጥላል። የኔታ «ልብህ የት ሄደ?» ብለው በአርጩሜ ይገሥጹታል፤ ጓደኞቹም «ፈዛዛ» የሚል ስም ያወጡለታል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሩ ስሙን ሲጠራ መልስ ሳይሰጥ ይቀርና፣ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል።

አማርኛችን የዚህን ሕፃን በሽታ ወገን «የሚጥል በሽታ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ የወጣው ለዓይን ከሚታየው መውደቅ ነው። ከበሽታው ዓይነቶች አንዱ ግን ሕመምተኛውን ከቶ አይጥለውም፤ ስለዚህም በስሙ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስውር የበሽታ ዓይነት ከእንቅልፍ ጋር ያለው ዝምድና እንዴት እንደ ታወቀ መተረክና፣ ዕውቀቱ ለአገራችን ሕፃናት ምን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም የነገሩ ምሥጢር ስለ ንዝረት በመሆኑ፣ የማኅበራችን አባላት ከሙያቸው ውጭ ሆኖ አያገኙትም ብሎ ያምናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ባህላችን የመውደቅ ሕመም «ባርያ» እና «ለጌዎን» ከሚባሉ መናፍስት እንደሚመጣ ይታመን ነበር። ደብተሮችም በብራና ላይ ጸሎትና ሥዕል ጽፈው፣ ርዝመቱን ብዙ ጊዜ በሕመምተኛው ቁመት ልክ አድርገው ክታብ ያዘጋጁ ነበር። ሕዝቡ እስከ ዛሬም ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይጓዛል። የዕፀዋት መድኃኒት ዕውቀትም በአካባቢው ሰፊ ነው፤ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ 135 የመድኃኒት ተክሎችን መዝግቧል።

የውጭ አገር ሕክምና ወደ አንኮበር ቀደም ብሎ ከገባባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የ1841 ነው። በዚያ ዓመት የቦምቤይ መሐንዲሶች ክፍል መኰንን የነበረው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ከቡድኑም ጋር ኪርክ የተባለ ሐኪም ነበረ። ንጉሡ ለውጭ አገር መድኃኒት ከፍተኛ ፍላጎት እንደ ነበራቸው ከመልእክተኞቹ ጽሑፍ እንረዳለን። ይሁንና በዚያን ጊዜ ኤውሮፓ ራሷ ለሚጥል በሽታ የሚረባ መድኃኒት አልነበራትም። የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ብሮማይድ ሲሆን፣ ጥቅሙን ሰር ቻርልስ ሎኮክ በለንደን ያስታወቀው ከ16 ዓመት በኋላ በ1857 ነው። በመሆኑም በዚህ አንድ በሽታ ረገድ የእንግሊዙ የመድኃኒት ሣጥንና የደብተራው ክታብ እምብዛም አይበላለጡም ነበር ማለት ይቻላል።

ኤውሮፓውያን በመድኃኒቱ ባይቀድሙም፣ ስም በመስጠቱ ግን ቀድመው ነበር። የስዊስ ሐኪም ቲሶ በ1770 ሳይወድቁ የሚፈዙ ሕመምተኞች እንዳሉ ጽፏል። ፈረንሳዊው ካልሜይ ደግሞ በ1824 ሁኔታውን «አብሳንስ» አለው፤ ይኸውም መቅረት፣ አለመገኘት ማለት ነው። የእኛ መምህር በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው ትክክለኛውን የበሽታውን ስም ጽፏል።

ስም መስጠት ግን መንሥኤውን ማወቅ አይደለም። ለዚህ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማስፈለጉ አልቀረም። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ንዝረት ከራስ ቆዳ ላይ መቅዳት እንደሚቻል በ1929 አስታወቀ። በ1935 ደግሞ ሁለት ታላላቅ ግኝቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ታተሙ። በቦስተን ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ ሕፃኑ በሚፈዝበት ሰዓት በአንጎሉ ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ የሚነሣ፣ በየሰከንዱ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ፣ ሹልና ሞገድ የተጣመረበት ንዝረት መኖሩን አሳዩ። በኒው ዮርክ አካባቢ ደግሞ ሎሚስና ጓደኞቹ ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው በአንጎሉ ላይ የሚታየውንና እንደ እንዝርት መካከሉ ወፍሮ ጫፉ የሚቀጥነውን ፈጣን ንዝረት መዘገቡ። በዚያን ጊዜ የሁለቱን ንዝረቶች ዝምድና ያስተዋለ አልነበረም።

ዝምድናውን ለመረዳት ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1940ዎቹ ጃስፐርና ድሮግሌቨር ፎርቶይን በድመት አንጎል ውስጥ ታላመስ የተባለውን ጥልቅ ክፍል በሰከንድ ሦስት ጊዜ በኤሌክትሪክ ቢነኩት፣ ያ የበሽታው ሞገድ በአንጎል ቅርፊት ላይ ታየ። በ1968 በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ፒየር ግሎር የሕፃኑ መፍዘዝ የቅርፊትና የታላመስ የጋራ ሥራ መሆኑን ገለጸ፤ በኋላም የእንቅልፉ እንዝርት ወደ በሽታው ሞገድ ሊለወጥ ይችላል የሚለውን ሐሳብ አዳበረ። ሕፃኑ አልተኛም፤ ነገር ግን የእንቅልፍ መሣሪያ ያለ ሰዓቱ ተነሥቶበታል ማለት ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። በንቃት ጊዜ ከአንጎል ግንድና ከአካባቢው አሴቲልኮሊን፣ ኖራድሬናሊንና ሌሎችም አንቂ ኬሚካሎች ወደ ታላመስ ይፈስሳሉ። በእነርሱም ኃይል የታላመስ ሴሎች የዓይንንና የጆሮን መልእክት እያከታተሉ ወደ ቅርፊት ያሳልፋሉ። ድካም ሲመጣ የአንቂዎቹ ፍሰት ይቀንሳል፤ በታላመስ ዙሪያ እንደ ቀጭን ልብስ የተዘረጉት ሴሎችም ጋባ የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል እየረጩ ያረግቡታል። አስደናቂው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሴሉ በጥልቅ በረገበ ቁጥር «ቲ» የተባሉት የካልሲየም በሮቹ እንደ ተሳበ ቃታ ይዘጋጃሉ። የጋባው ኃይል ሲያልፍ በሮቹ ባንድነት ይከፈቱና ሴሉ ይፈነዳል፤ ፍንዳታውም አረጋጊዎቹን ሴሎች መልሶ ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም እንደገና ያረግቡታል። እንዲህ እየተመላለሰ ንዝረት ይሆናል።

ዥዋዥዌ የተጫወተ ሁሉ፣ ገመዱ በረዘመ መጠን ምልልሱ እንደሚዘገይ ያውቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። የጋባ ተቀባዮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ፈጥኖ ያረግባል፣ ሁለተኛው ዘግይቶ ለረጅም ጊዜ ያረግባል። በ1993 ፎን ክሮሲግ፣ ባልና ማኮርሚክ ከእንስሳ በተወሰደ የታላመስ ቁራጭ ላይ ፈጣኑን ተቀባይ በኬሚካል ቢዘጉት፣ የእንቅልፉ እንዝርት ዘግይቶ ወደ በሽታው የሰከንድ ሦስት ምልልስ ተጠጋ። ከዚያ በፊት በ1989 ኮልተር፣ ሁጌናርድና ፕሪንስ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቀው ኤቶሱክሲማይድ የተባለ መድኃኒት የ«ቲ» በሮችን ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይተው ነበር።

እርግጥ ነው፣ የግሎር ሐሳብ ሳይታረም አልቀረም። በ2002 ሜረንና ባልደረቦቿ በሆላንድ አገር በሽታው በዘር በሚገኝባቸው አይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ንዝረቱ መጀመሪያ የሚነሣው ከቅርፊቱ አንድ ሥፍራ መሆኑን አሳዩ። የእንዝርቱና የበሽታው ሞገድ ዝምድናም እስከ አሁን ያከራክራል። ቢሆንም ታላመስ ንዝረቱን ለማቆየት የሚያስፈልግ መሆኑ፣ መፍዘዙም በጸጥታና በድካም ሰዓት መብዛቱ የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባልያዘም ነበር። ነገሩ ግን ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ይወስደናል። ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ፊኖባርቢታል ርካሽና በገጠር ሳይቀር የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ወገኖቻችንን ከመውደቅና ከእሳት አድኗል። የሚፈዘውን ሕፃን ግን አይረዳውም፤ አንዳንድ ጊዜም ያባብስበታል። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ መፍዘዙን ሊያበዙ ይችላሉ። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ስም «የሚጥል» ብሎ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክኒን መስጠት አንዱን ሲያድን ሌላውን ይጎዳል። በ2010 የታተመና 453 ሕፃናት የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ለዚህ ሕመም ኤቶሱክሲማይድና ቫልፕሮይክ አሲድ ከላሞትሪጂን ይበልጣሉ፤ ከሁለቱም ኤቶሱክሲማይድ የልጁን አስተውሎት የሚጎዳው አነስ ባለ መጠን ነው። ቫልፕሮይክ አሲድ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ ለሴቶች ልጆች ሲታዘዝ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በአገራችን የሚጥል በሽታን በሰፊው ያጠኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። በ1990 የታተመው የቡታጅራ ጥናታቸው ከ60 ሺህ በላይ በሆነ ሕዝብ መካከል 316 ሕሙማንን አግኝቷል፤ ይኸውም ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። ይህን የመሰለ የቤት ለቤት ጥያቄ የሚወድቀውን ለማግኘት ይመቻል። የሚፈዘውን ልጅ ግን እናቱም ታማሚ መሆኑን ስለማታውቅ፣ ተጠይቃ «የለም» ብትል አይፈረድባትም።

ደግነቱ፣ ይህን ሕመም ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሕፃኑን ሦስት ደቂቃ ያህል በጥልቅ እየተነፈሰ እንዲቆይ ቢያደርገው፣ ሕክምና ባልጀመሩት በብዙዎቹ ላይ መፍዘዙ እዚያው ይታያል። በኤሌክትሪክ መቅጃ ማረጋገጡ ከዚያ ቀጥሎ ሊደረግ ይችላል። የተጀመረን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ስለሆነ፣ ለውጡ በሐኪም ምክር መሆን ይገባዋል። ጠበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱን መተው የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ መንቃት የሚገባው ግን ሐኪሙ ሳይሆን መምህሩ ነው። ሕፃኑን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነውና። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን ነው። መፍዘዙ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል፣ ከትምህርቱ የሚያመልጠው ነገር ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ በዚያ መካከል የተበላው አርጩሜና «ፈዛዛ» የሚለው ስም ግን አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር አንድ ልጅ ቃል ሳያጠናቅቅ ዝም ሲል፣ ስሙ ተጠርቶ ሳይመልስ ትከሻውም ተነክቶ ሳይሰማ ቢቀር፣ መምህሩ አርጩሜውን አስቀምጦ ሰከንዱን ይቁጠር፤ ያየውንም ለወላጆቹና ለጤና ጣቢያው ያስታውቅ። በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ተብሎ የሚጻፈው ያ ልጅ፣ በጊዜው ከታወቀለት ወደ ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ አለ።