ወደ ኋላ የሚነበብ መዝገብ

በቢቸናው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ መምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩ ግን ቅኔው በስንት አፍ እንደ ተላለፈ የሚያይበት መዝገብ የለውም። የሶፍትዌር ፓኬጅም እንዲሁ ነው፤ የሚደገፍባቸውን ፓኬጆች ከነስሪታቸው ይዘረዝራል፣ በእርሱ የሚደገፉትን ግን አያውቅም። እነርሱን ለማግኘት የሁሉንም ዝርዝር ሰብስቦ ገልብጦ ማንበብ ያሻል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መባቻ ሎግ ፎር ጄ በተባለው የጃቫ ፓኬጅ አደገኛ ክፍተት ሲገለጥ፣ ብዙ ተቋማት ችግር ያለበትን ስሪት መጠቀም አለመጠቀማቸውን እንኳ አላወቁም ነበር። የጉግል ባለሙያዎች ዝርዝሩን ገልብጠው ሲያነቡ ከ17,000 በላይ ፓኬጆች ተነክተው አገኙ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ጥልቀቱ ነው፤ አብዛኞቹ ክፍተቱን የወረሱት በሌላ ፓኬጅ በኩል ነበር። ስለዚህ ጥገናው ከታችኛው እርከን ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ መካከል ላይ አንድ ባለቤት ቢዘገይ ከበላዩ ያሉት ሁሉ ይጠብቁታል።