የትራፊክ ክስን መቃወምና የፖሊስ ወጥመድ ሕጋዊ ትርጉም በኦንታሪዮ

በኦንታሪዮ፣ ካናዳ፣ በትራፊክ ጥፋት ተከሶ ትኬት የተሰጠው አሽከርካሪ በ15 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ቅጣቱን መክፈል፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር አስቀድሞ ለመነጋገር ቀጠሮ መጠየቅ ወይም ክሱ በፍርድ ቤት እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ቅጣቱን መክፈል ጥፋተኛነትን እንደ ማመን ይቆጠራል። ምላሽ ያልሰጠ ሰው በሌለበት ጥፋተኛ ሊባል፣ ቅጣቱን ሳይከፍል ከቆየም መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ማስታወቂያው ከእርሱ ጥፋት ውጪ በሆነ ምክንያት ያልደረሰው ሰው ውሳኔውን ባወቀ በ15 ቀናት ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲከፈት ማመልከት ይችላል።

ክሱን የሚቃወም ሰው ዐቃቤ ሕጉ የያዘውን ማስረጃ፣ በተለይም የፖሊሱን ማስታወሻና የፍጥነት መለኪያው መፈተሹን የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከችሎቱ ቀን በፊት በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ጥፋቱን ያለ አሳማኝ ጥርጣሬ የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕጉ ነው። ይሁን እንጂ በስም ወይም በመኪና ቀለም አጻጻፍ ላይ ያለ ጥቃቅን ስሕተት ትኬቱን ውድቅ ያደርገዋል የሚለው የተለመደ እምነት ትክክል አይደለም፤ ዳኛው እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊያርመው ይችላል። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከርን በተመለከተም «ሌሎችም ይፈጥኑ ነበር» ወይም «ምልክቱን አላየሁም» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ብዙዎች ሳያውቁ የሚጎዱበት አንድ ጉዳይ አለ። ፖሊስ መንገድ ላይ አዝኖ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይጽፍ ይሆናል። ለምሳሌ በ60 ኪሎ ሜትር ክልል በ85 የተያዘ ሰው 75 ተብሎ ቢጻፍለት የጥፋት ነጥብ አይያዝበትም። ይህ ሰው ክሱን ከተቃወመ ግን ዐቃቤ ሕጉ ክሱ ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ከፍ እንዲል ሊጠይቅ ይችላል፤ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በዊንሎው ጉዳይ ይህን ፈቅዷል። በ25 ኪሎ ሜትር ማለፍ 3 ነጥብ ያስይዛል። ስለዚህ ፖሊሱ የጻፈው ፍጥነት የተቀነሰ መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ ክርክር መጀመር አይመከርም።

ወጥመድን በተመለከተ መለኪያውን ያስቀመጠው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በማክ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ወጥመድ የሚባለው ፖሊስ በተጠርጣሪው ላይ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው ወይም በቅን ልቦና በሚካሄድ ምርመራ ላይ ሳይሆን ጥፋት ለመፈጸም አጋጣሚ ሲያቀርብ፣ አለበለዚያም አጋጣሚ ከማቅረብ አልፎ ሰውየውን ወደ ጥፋቱ ሲገፋ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የተከሳሹ ነው። ጥያቄው የሚታየው ጥፋተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሲሆን፣ ተቀባይነት ካገኘ ፍርድ ቤቱ የክሱን ሂደት ያቆመዋል።

በዚህ መለኪያ ፖሊስ ከቁጥቋጦ ወይም ከድልድይ ጀርባ ተሸሽጎ ፍጥነት ቢለካ፣ ምልክት በሌለው መኪና ቢጠቀም ወጥመድ አይባልም፤ አሽከርካሪው የፈጠነው በራሱ ነውና። መንጃ ፈቃድንና ኢንሹራንስን ለማየት አሽከርካሪዎችን በዘፈቀደ ማስቆምም በ1990 በላዱሰር ጉዳይ ሕጋዊ መሆኑ ተወስኗል።

ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው ያለ ፈቃድ ተሳፋሪ በክፍያ በመጫን በሚመሠረት ክስ ላይ ነው። ሲቪል የለበሰ ተቆጣጣሪ ሕገወጥ ጭነት በሚጠረጠርበት ቦታ ቆሞ «ስንት ትወስደኛለህ?» ብሎ ቢጠይቅና አሽከርካሪው ዋጋ ቆርጦ ቢጭነው፣ ይህ አጋጣሚ ማቅረብ ብቻ ነው። አሽከርካሪው እምቢ እያለ ተቆጣጣሪው ደጋግሞ ቢለምነው፣ የታመመ ልጅ አለኝ ብሎ ርኅራኄውን ቢጠቀምበት ግን ክርክሩ መሠረት ያገኛል፤ ፍርድ ቤቱ ከሚመዝናቸው ነገሮች መካከል የልመናው ብዛትና የሰውን ርኅራኄ ወይም ወዳጅነት መጠቀሚያ ማድረግ ይገኙበታልና። በመሆኑም እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው የተባለውን ቃል፣ ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለና በወቅቱ ማን እንደነበረ በዚያው ቀን ቢጽፍ ይበጀዋል።

አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ተከራካሪ ችሎት ሲጠይቅ አማርኛን ጠቅሶ ማመልከት ይችላል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ፓራሊጋል ሊወክለው ይችላል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ይግባኝ የሚጠይቅበት ጊዜ 30 ቀናት ነው።