ከሣጥን ሥር የሚገኝ የድሮ ብር



ሰው ባረፈ ቁጥር ሣጥኑ መከፈቱ አይቀርም። ከነጠላውና ከቤቱ ካርታ ሥር የንጉሡ ሥዕል ያለበት ብር ሲገኝ አንዱ «ወረቀት ነው ጣሉት» ይላል፤ ሌላው «በቃ ከበራችሁ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሳሉ ገበያው የሚሄደው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና በአሞሌ ጨው ነበር። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1907 ዓ.ም. ገደማ የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ ሕዝቡ ግን ጠገራውን ማመኑን አልተወም። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ጣልያን ሲገባ ደግሞ ሊሬ መጣ። ከድል በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ ብር ወጣ፤ የአንድ ብሩ ኖት በበሬ የሚያርስ ገበሬ ነበረበት፤ ትልቁ ኖት ባለ 500 ነበር። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ሥዕል ቀረ። በ1990 ዓ.ም. እንደገና ተለወጠ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ተለውጠው ባለ 200 ተጨመረ፤ ለመለወጫም 3 ወር ተሰጠ።

እንግዲህ በለውጡ ማን ተጎዳ? ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ወርዳ፣ የሸጠችበትን በመቀነቷ ቋጥራ ያኖረች እናት ናት። ቀኑ ካለፈ ባንክ አይመነዝረውም፤ የቀረው ዋጋ ሰብሳቢ የሚሰጠው ብቻ ነው።

ሰብሳቢ ደግሞ ሦስት ነገር ያያል። አንደኛ፣ ብርቅነቱን፤ ባለ 500 በድሃ እጅ ስላልገባ ዛሬ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ የአንድ ብሩ ግን በብዛት አለ። ሁለተኛ፣ ንጽሕናውን፤ ያልታጠፈውና የታጠፈው ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሦስተኛ፣ ተራ ቁጥሩንና የገዢውን ፊርማ። ስለዚህ አደራ፣ አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ በፕላስተር አትለጥፉት፤ በመጽሐፍ መሐል አኑሩት።

ድንኳን ሳይነሣ ለሚመጣ ደላላም አትስጡ። ከአርባው በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው፣ ቆጥረው፣ ጽፈው ይስማሙ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የድሮ ገንዘብ ስብስብ ስላለው ከየካ ወረድ ብሎ ማየት ነው።

በሕይወት ያለን ደግሞ ብራችንን ባንክ እናስገባ፤ ደብተሩ የት እንዳለም ለቤተሰብ እንንገር። ለልጅ የሚተርፈው በሥራ ላይ ያለ ብር እንጂ ቀኑ ያለፈበት ወረቀት አይደለም እላለሁ።